በገዛ ፓርኪንጋችሁ ቲኬት ሲለጠፍባችሁ

ቁጥር 27። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ያለች፣ ነጭ ቀለሟ የደበዘዘ የመኪና ማቆሚያ። ቤቱን ስከራይ ከነቁጥሯ ውሉ ላይ ተጽፋ የተሰጠችኝ ናት። አንድ የጃንዋሪ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ተመልሼ መኪናዬን እዚያ አቆምኩና ተኛሁ። ከሰዓት ስወርድ የፊት መስታወቱ ላይ ቢጫ ፕላስቲክ ተለጥፏል። 100 ፓውንድ ይላል፤ በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 60። ምክንያቱ «ፐርሚት (የማቆሚያ ፈቃድ ወረቀት) አይታይም» ነው። ፐርሚቱ ግን መኪናው ውስጥ ነበር። መስታወቱ በብርዱ አልቦት ማጣበቂያው ለቋል፤ ወረቀቱ ተጠቅልሎ መሪው ሥር ወድቋል።

60 ፓውንዱን ልከፍል ስልኬን አውጥቼ ነበር። ጎረቤቴ ናት ያስቆመችኝ። «ቦታውን የሰጠህ ማን ነው? ቲኬቱን የለጠፈው ድርጅት ነው ወይስ አከራይህ?» አለችኝ። ጉዳዩ በሙሉ ያለው እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። ቦታውን የሰጣችሁ ውላችሁ ነው። ፐርሚት የሚባለው ወረቀት ቦታው የእናንተ መሆኑን ለጠባቂው ያሳያል እንጂ መብቱን ራሱ አይሰጥም።

ይህን የምጽፈው በእንግሊዝና በዌልስ ለምትኖሩ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ሕጋቸው ስለሚለይ እዚያ ያላችሁ የምጠቅሳቸውን ቀኖች እንዳለ አትውሰዱ።

መጀመሪያ፦ ቲኬቱ ከማን ነው?

ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ የሚሰጠው ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ ይባላል። የግል ድርጅት የሚሰጠው ደግሞ ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ ነው። ሁለቱም ሲያጥሩ ፒሲኤን ስለሚሆኑ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወረቀቱ ላይ የካውንስል ስም ካለ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም። የካውንስል ቅጣት በሕግ የተደነገገ ነው፤ የራሱ የይግባኝ መንገድ አለው፤ ዝም ከተባለ ባሊፍ (ዕቃ የመያዝ ሥልጣን ያለው አስፈጻሚ) እስከ መላክ ይደርሳል።

የግሉ ሌላ ነገር ነው። ቅጣት ሳይሆን የገንዘብ ጥያቄ ነው። ድርጅቱ የሚለው «ግቢው ውስጥ የተከልኩትን የማስታወቂያ ሰሌዳ አንብበህ በመቆምህ ከእኔ ጋር ተዋውለሃል፣ ውሉንም አፍርሰሃል» ነው። ስለዚህ የእናንተ መልስም በውል ቋንቋ መሆን አለበት።

ሁለት ነገር አታድርጉ። አትክፈሉ፤ ከከፈላችሁ ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ ገንዘቡን ማስመለስም ከባድ ነው። ወረቀቱንም ወደ ቆሻሻ አትጣሉ። «የግል ነው፣ ዝም በለው» የሚል ምክር በየቡና ቤቱ ይሰማል። ከ2012 በፊት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን ሰዎችን ፍርድ ቤት እያደረሳቸው ነው።

በዚያው ቀን ፎቶ አንሱ

መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት የቦታው ቁጥርና ታርጋችሁ አንድ ላይ የሚታዩበት ፎቶ አንሱ። ቲኬቱን በሁለቱም በኩል፣ ፐርሚቱን ወድቆ ካገኛችሁት እወደቀበት ቦታ ላይ እያለ። ከዚያ ወደ ሰሌዳዎቹ ሂዱ። ከእናንተ ቦታ ቆማችሁ ጽሑፉ ይነበባል? ስንት ሜትር ይርቃል? ማታ መብራት ያገኘዋል? እኛ ግቢ ያለው ሰሌዳ ከመግቢያው በላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነው። የክፍያው መጠን የተጻፈበት ፊደል ከመኪና ውስጥ ጨርሶ አይታይም። ፎቶውን እኔው ከሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኜ አነሳሁት።

አሁን ውሉን ፈልጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

የኪራይ ውላችሁን ኮፒ አውጡና ስለ መኪና ማቆሚያ የሚናገረውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት። የእኔ ውል ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከቤቱ አድራሻ ቀጥሎ «ከመኪና ማቆሚያ ቁጥር 27 ጋር» ይላል። በቃ። ፐርሚት ለጥፍ አይልም፤ ካለጠፍክ ለሌላ ድርጅት 100 ፓውንድ ትከፍላለህ አይልም። ውላችሁ እንዲህ ከሆነ ጠንካራ ቦታ ላይ ናችሁ። በውል የተሰጠን መብት፣ የውሉ ተዋዋይ ያልሆነ ድርጅት ሰሌዳ ተክሎ ሊሸርፈው አይችልም።

ውሉ ፐርሚት እንድታሳዩ የሚያስገድድ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ይህን ደብቄ ላስደስታችሁ አልፈልግም። ያም ሆኖ ቃሉን በደንብ አንብቡት። «ፐርሚት ያሳያል» ማለትና «ካላሳየ ለፓርኪንግ ድርጅት ይከፍላል» ማለት አንድ አይደሉም። ግዴታው ለአከራዩ ነው ወይስ ለሌላ? ጥሶ ሲገኝ ምን ይሆናል ይላል? ብዙ ውሎች ይህንን ሁለተኛውን አይመልሱም።

ሦስተኛው ዓይነት ስለ ፓርኪንግ ምንም የማይል ውል ነው። አከራዩ በቃል ወይም በዋትሳፕ «27 ያንተ ናት» ብሎ ሰጥቷችሁ ይሆናል። መልእክቱን አታጥፉት፣ ማስረጃ ነው። ከዚያ አከራያችሁን የእሱን ሊዝ ጠይቁት። አፓርታማ የገዛ ሰው ከሕንፃው ባለቤት ጋር የረጅም ዘመን ሊዝ አለው፤ የመኪና ማቆሚያው መብት አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከዚያ ነው። እሱ ያለውን መብት ነው ለእናንተ ያከራየው። ሊዙ የለኝም ካለ ላንድ ሬጅስትሪ ከሚባለው የመሬት መዝገብ ቤት በጥቂት ፓውንድ ቅጂ ማውጣት ይቻላል።

በሃውሲንግ አሶሲዬሽን ቤት የምትኖሩ፣ የፓርኪንጉ ስምምነት ከቤቱ ውል ተነጥሎ በሌላ ወረቀት ተፈርሞ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ በተቀበላችሁ ቀን የተሰጣችሁን ፋይል አገላብጡ።

የምትጠቅሷቸው ፍርዶችም አሉ። በ2001 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሳኢድና አከራዩ ፕላስትሬድ በተከራከሩበት ጉዳይ፣ አከራይ በሊዝ የሰጠውን የመኪና ማቆም መብት በኋላ መልሶ ሊያጣብበው እንደማይችል ወስኗል። በ2016 ደግሞ ኦክስፎርድ ላይ በይግባኝ የታየ የጆፕሰንና የሆምጋርድ ጉዳይ አለ። ጆፕሰን የምትባለው ሴት የምትኖርበት ሕንፃ በር ላይ ዕቃ ለማውረድ ለጥቂት ደቂቃ ነው ያቆመችው። ዳኛው ሊዙ የሰጣትን መብት የፓርኪንግ ድርጅቱ ሰሌዳ ሊለውጠው አይችልም ብለው ፈረዱላት። የኋለኛው የካውንቲ ኮርት፣ ማለትም የበታች የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት፣ ውሳኔ በመሆኑ ሌላ ዳኛን አያስገድድም፤ ግን በይግባኝ የተሰጠ ስለሆነ ክብደት አለው።

ድርጅቱ በበኩሉ ፓርኪንግአይ የተባለ የፓርኪንግ ድርጅት ቢቪስ በተባለ ሾፌር ላይ ያሸነፈበትን የ2015 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠቅስባችኋል። አትደንግጡ። ያ ሰውዬ የገበያ ማዕከል ውስጥ በነፃ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ የቆየ እንግዳ ነበር። እዚያ የመቆም መብት ያገኘው ከሰሌዳው ነው። እናንተ ግን መብታችሁን ይዛችሁ ነው ወደ ግቢው የገባችሁት። ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፣ ይበቃል።

ለሕንፃው አስተዳዳሪ ጻፉ

የፓርኪንግ ድርጅቱን ወደ ግቢው ያመጣው ማኔጂንግ ኤጀንት የሚባለው የሕንፃው አስተዳዳሪ ነው። «ይህ ነዋሪ ነው፣ ሰርዙት» ብሎ አንድ ኢሜይል ከላከ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ስልክ አትደውሉ፤ በጽሑፍ ይሁን። ውሉን አያይዙ፣ አከራያችሁም በእሱ በኩል እንዲጽፍ አድርጉ። የኔው አስተዳዳሪ መጀመሪያ «እኛን አይመለከትም፣ ድርጅቱን አነጋግር» ብሎ መለሰልኝ። ይህ መልስ በጣም የተለመደ ነው። ደግማችሁ ጻፉ፤ በዚህኛው ላይ «ድርጅቱ የእናንተ ወኪል ሆኖ ነው የሚሠራው፤ በውሌ የተሰጠኝን ቦታ እንዳልጠቀም እያደናቀፈ ነው» በሉ።

ቀኖችን ቁጠሩ

ከ2012 ጀምሮ ፕሮቴክሽን ኦፍ ፍሪደምስ የተባለው ሕግ፣ ማን እንደነዳ ባይታወቅም ድርጅቱ መኪናው በስሙ የተመዘገበውን ሰው እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ግን በነፃ አይደለም፤ ደብዳቤው በጊዜው መድረስ አለበት። መስታወት ላይ ምንም ሳይለጠፍ በካሜራ ከተያዛችሁ፣ መኪናው ከቆመበት ማግስት ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ እጃችሁ መግባት አለበት። ቲኬት ተለጥፎ ከነበረ ደግሞ የፖስታው ደብዳቤ ከ28 ቀን በኋላ፣ 56ኛው ቀን ሳያልፍ ነው መድረስ ያለበት።

ምሳሌ ልስጣችሁ። መኪናው ማክሰኞ ማርች 3 ቆመ፤ ካሜራ አነሳው። የመጨረሻው ቀን ማርች 17 ነው። ደብዳቤው ሰኞ ማርች 16 በፖስታ ከተላከ፣ ሕጉ በሁለተኛው የሥራ ቀን፣ ማለትም ማርች 18 እንደደረሰ ይቆጥረዋል። አንድ ቀን አለፈ። ስለዚህ ፖስታውን አትጣሉት፤ የመጣበትንም ቀን ላዩ ላይ ጻፉበት።

ለዚህም ነው ሾፌሩ ማን እንደነበር በራሳችሁ ፈቃድ የማትናገሩት። «አቆምኩ» ሳይሆን «መኪናው ቆሞ ነበር» ብላችሁ ጻፉ። ቀኑ ካለፈበት ድርጅቱ ሾፌሩን እንጂ የተመዘገበውን ሰው መጠየቅ አይችልም። መዋሸት ግን በፍጹም አያስፈልግም። ዳኛ ፊት ከተጠየቃችሁ እውነቱን ተናገሩ። ዋናው መከራከሪያችሁ ውሉ ነው፤ እሱ ሾፌሩ ቢታወቅም አይወድቅም።

ፒሲኦ መኪና (የኡበር ዓይነት የታክሲ ሥራ የሚሠራበት) ተከራይታችሁ ለምትሠሩ አንድ ነገር ላስታውስ። ደብዳቤው የሚሄደው ወደ አከራዩ ኩባንያ ነው። ሳይጠይቋችሁ ከፍለው የራሳቸውን ክፍያ ጨምረው ከሳምንታዊው ሂሳባችሁ ላይ እንዳይቆርጡ፣ ቲኬቱን ባያችሁበት ዕለት ኢሜይል ላኩላቸው። «አትክፈሉ፤ የኪራይ ስምምነቱን ለድርጅቱ ልካችሁ ወደ እኔ አስተላልፉት» በሉ።

አቤቱታው

ለድርጅቱ አቤቱታ ለማቅረብ 28 ቀን አላችሁ። ቅናሹ የሚያበቃው በ14ኛው ቀን ስለሆነ ሰው ይደነግጣል፤ አትቸኩሉ። በድረ ገጻቸው ስታስገቡ የላካችሁትን ገጽ ፎቶ አስቀሩ። እኔ በእንግሊዝኛ የላክሁት ሐሳቡ ይህ ነበር፦

«የምጽፈው መኪናው በስሜ የተመዘገበ ሰው ሆኜ ነው። መኪናው የቆመው ለአፓርታማዬ በተመደበው ቦታ ቁጥር 27 ላይ ነው። ቦታውን የመጠቀም መብት የተገኘው ከኪራይ ውሉ ነው፤ ገጹ ተያይዟል። ውሉ ፐርሚት ማሳየትን ግዴታ አያደርግም፤ ለእናንተ ክፍያ መፈጸምንም አይጠቅስም። እናንተ የውሉ ተዋዋይ ስላልሆናችሁ በሰሌዳ ልትለውጡት አትችሉም። በዚህ ቦታ ላይ ከነዋሪ ጋር ውል እንድትገቡ የሚፈቅድላችሁን ከመሬቱ ባለቤት ጋር ያላችሁን ስምምነት ላኩልኝ። ጥያቄያችሁን ሰርዙ። ካልሰረዛችሁ የይግባኝ ኮድ ስጡኝ።»

ይቅርታ አትጠይቁ። «ሥራ ደክሞኝ ረሳሁት» የሚለው ታሪክ እውነት ቢሆንም ጥፋት ማመን ይመስላል። ከውሉ ደግሞ የሚያስፈልገውን ገጽ ብቻ ላኩ፤ የኪራዩን መጠንና የባንክ ቁጥሩን ሸፍኑት።

እምቢ ሲሏችሁ

እኔን በሦስት ሳምንት እምቢ አሉኝ። መልሳቸው ውሉን አልጠቀሰውም፤ የሰሌዳቸውን ፎቶ ነው የላኩልኝ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ቀጥሎ ያለው መንገድ ድርጅቱ የየትኛው ማኅበር አባል እንደሆነ ይወስነዋል። የብሪቲሽ ፓርኪንግ አሶሲዬሽን አባል ከሆነ ይግባኙ ፖፕላ በሚባለው ይግባኝ ሰሚ ዘንድ ነው። የኢንተርናሽናል ፓርኪንግ ኮሚዩኒቲ አባል ከሆነ ደግሞ አይኤኤስ በሚባለው ሌላ ይግባኝ ሰሚ ዘንድ። ፖፕላ ጋ 28 ቀን አላችሁ፤ አይኤኤስ ጋ ያላችሁን ቀን ከእምቢታው ደብዳቤ ላይ እዩ፤ በነፃ ነው። ፖፕላ ላይ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አስገቡ፦ ውሉን፣ ፎቶዎቹን፣ የቀን ቆጠራውን፣ ድርጅቱ የመሬት ባለቤቱን ፈቃድ ያሳይ የሚለውን ጥያቄ። ድርጅቱ ማስረጃውን ሲያቀርብ ለእናንተም ይደርሳችኋል፤ መልስ ለመስጠት 7 ቀን ብቻ ነው ያላችሁ። ኢሜይላችሁን በየቀኑ እዩ።

ፖፕላ ላይ ካሸነፋችሁ ድርጅቱ ይገዛበታል። ከተሸነፋችሁ እናንተን አያስገድድም። ዳኛ ፊት እንደ አዲስ መከራከር ትችላላችሁ።

ቀይ ቀለም የበዛባቸው ደብዳቤዎች

ከዚህ በኋላ የዕዳ ሰብሳቢዎች ደብዳቤ ይዘንባል። 100 የነበረው 170 ይሆናል። ቤታችሁ ሰው እንደሚመጣ የሚያስመስል ቃል ይጠቀማሉ። እነዚህ ሰዎች ባሊፍ አይደሉም። በር ማንኳኳት እንጂ ዕቃ መንካት አይችሉም። ፍርድ ሳይኖር ክሬዲታችሁንም አያበላሹትም። አትመልሱላቸው፤ አትደውሉላቸው፤ ደብዳቤዎቹን ግን በፋይል አስቀምጡ። እናቴ በወቅቱ አብራኝ ነበረች። ፖስታው በወደቀ ቁጥር «ልጄ፣ ይሄ ነገር አያሳስርህም?» ትለኝ ነበር። አያሳስርም። የወንጀል ጉዳይ አይደለም።

የተጨመረው 70 ፓውንድም ዝም ተብሎ የሚዋጥ አይደለም። በዚያው የ2012 ሕግ መሠረት ከተመዘገበው ሰው ሊጠየቅ የሚችለው መጀመሪያ በደረሰው ደብዳቤ ላይ ከተጻፈው መጠን አይበልጥም።

መልስ የሚያስፈልገው ሌተር ቢፎር ክሌይም (ከክስ በፊት የሚላክ ማስጠንቀቂያ) የሚለው ነው። አንዳንዴ ከጠበቃ ድርጅት ይመጣል። መልስ ለመስጠት 30 ቀን አላችሁ። አጭር አድርጋችሁ «ዕዳውን አልቀበልም» በሉና ውሉን እንደገና አያይዙ። ስለ እኔ ያላችሁን መረጃ በሙሉ ላኩልኝ ብላችሁም በመረጃ ጥበቃ ሕጉ መሠረት ጠይቁ፤ በነፃ ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ መላክ አለባቸው። የኔ ጉዳይ እዚህ ላይ ቆመ። የሁለተኛዋን ገጽ ኮፒ ከጆፕሰን ፍርድ ጋር ለጠበቆቹ ላክሁ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ጥያቄው መሰረዙን የሚገልጽ ሁለት መስመር ደረሰኝ።

የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ

ከሲቪል ናሽናል ቢዝነስ ሴንተር፣ ኖርዝሃምፕተን የሚል ፖስታ ከመጣ ያ እውነተኛ ክስ ነው። አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩት። ኢሹ ዴት (ክሱ የወጣበት ቀን) የሚለውን እዩና 5 ቀን ጨምሩበት፤ ክሱ እንደደረሳችሁ የሚቆጠረው ያን ዕለት ነው። ከዚያ በ14 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት አክኖውሌጅመንት ኦፍ ሰርቪስ የተባለውን፣ ክሱ እንደደረሳችሁ የምታሳውቁበትን ቅጽ ሙሉና ሁሉንም እከራከራለሁ የሚለውን ምረጡ። ይህን ካደረጋችሁ መከላከያችሁን ለማስገባት ከደረሳችሁበት ቀን ጀምሮ 28 ቀን ይኖራችኋል።

ድምሩ አብዛኛውን ጊዜ 255 ፓውንድ አካባቢ ይመጣል፤ 100ው፣ 70ው፣ የፍርድ ቤቱ 35 እና የጠበቃው 50። ትንንሽ ክሶች የሚታዩበት መንገድ ስለሆነ ብትሸነፉም በሺህ የሚቆጠር የጠበቃ ወጪ አይጫንባችሁም።

መከላከያው ላይ ከውሉ ጀምሩ። ከዚያ ቀኖቹ፣ ሰሌዳው፣ ተጨማሪው 70። ከሜይ 2024 ጀምሮ የስልክ ሽምግልና ግዴታ ሆኗል። መገኘት አለባችሁ፤ መስማማት ግን የለባችሁም። «ግማሹን ክፈልና ይለቅ» ሲሉ ምንም አልከፍልም ማለት መብታችሁ ነው። ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ለቤታችሁ ቅርብ ወደሆነ ካውንቲ ኮርት ይሄዳል። የምስክርነት ጽሑፋችሁንና ማስረጃዎቹን ፍርድ ቤቱ በሚሰጠው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከችሎቱ 14 ቀን በፊት፣ ለፍርድ ቤቱም ለድርጅቱም ላኩ። እንግሊዝኛው ካልተመቻችሁ ቀደም ብላችሁ ለፍርድ ቤቱ ጻፉ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ መነጋገር ነው። የውሉን ገጽ አስምራችሁበት ከላይ አድርጉት።

አድራሻችሁ ተቀይሮ ከሆነ

ከክፍል ወደ ክፍል እየተዛወርን ለምንኖር ይህ ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ነው። ድርጅቱ አድራሻችሁን የሚያገኘው ከዲቪኤልኤ፣ ማለትም መኪና ከሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሎግ ቡኩ (የመኪናው መመዝገቢያ ሰነድ) ላይ ያለው የድሮ ቤታችሁ ከሆነ ደብዳቤው፣ ክሱም፣ ፍርዱም ወደዚያ ይሄዳል። ሳታውቁት ሲሲጄ የሚባለው የካውንቲ ኮርት ፍርድ ይወጣባችሁና 6 ዓመት መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ቤት ልትከራዩ ወይም ሞርጌጅ ልትጠይቁ ስትሄዱ ነው የምትሰሙት። አድራሻውን በኢንተርኔት መቀየር በነፃ ነው። ቲኬት ተሰጥቷችሁ ከዚያ ቤት ከቀየራችሁ ደግሞ አዲሱን አድራሻ ለድርጅቱም በጽሑፍ አሳውቁ።

ሲሲጄው ወጥቶ ካገኛችሁት ኤን 244 በሚባለው ቅጽ ፍርዱ እንዲነሳ ወዲያው አመልክቱ። ክፍያው ከ300 ፓውንድ በላይ ነው፤ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ከክፍያው ለመዳን ወይም ለመቀነስ ማመልከት ትችላላችሁ። ማመልከቻው ላይ ሁለት ነገር አሳዩ፦ ክሱ ወደማትኖሩበት ቤት መሄዱንና ቢሰማ የሚያሸንፍ መከላከያ ያላችሁ መሆኑን። ለመጀመሪያው የአዲሱን ቤት ውልና የካውንስል ታክስ ደረሰኝ፣ ለሁለተኛው የፓርኪንግ ቁጥራችሁ የተጻፈባትን ገጽ አያይዙ። ፍርዱን ያወቃችሁበትን ቀንም ጻፉ፤ ዳኛው ምን ያህል ፈጥናችሁ እንደመጣችሁ ያያል።